ዕቃ እምቢ ሲል

ሳጥኑ ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ሽታ ነው። የደረቀ ጀንፈል፣ የብል መድኃኒት፣ ከሁለቱም ሥር ደግሞ ስሙ ቶሎ ያልመጣልኝ ሌላ ሽታ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ፕላስቲክ የሚሸተው ዓይነት፣ ጣፈጥ ያለ። ገለምሶ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ነን። የቤቱ ቆርቆሮ ሊቀየር ስለሆነ ዕቃ እያወጣን ነው። ይህ የብረት ሳጥን ዕድሜውን ሙሉ ከአልጋዋ ሥር ንቅንቅ ብሎ ስለማያውቅ፣ ለሁለት ይዘነውም መሬቱን እየቧጠጠ ነው የወጣው። ነጠላዎቿ፣ የአባቴ ካፖርት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የቤት ካርታ፣ የእኔና የእህቴ የክትባት ካርድ። ከሁሉም በታች፣ በአሮጌ የትራስ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እሱ ተቀምጧል።

ቀድማ ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አገላብጣ አየችውና «ምንድን ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ከፊት የባቡር ጭስ ማውጫ ይታያል። ከጎን አንድ ክንፍ ተዘርግቷል፤ ሌላው ከሆዱ ሥር እንደታጠፈ ነው። አንድ እግር ወጥቷል፣ አንዱ አልወጣም። ጭንቅላቱ እስከ አፍንጫው ብቅ ብሎ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። ባቡር ነው እንዳልል ባቡርነቱን ትቷል፤ ሰው ነው እንዳልል ሰው አልሆነም። መስከረም 1988 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከእጄ እንደተነጠቀ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

«አልጣልሽውም?» አልኳት እናቴን።

«እንዴት እጥለዋለሁ? አንተ መጥተህ ትጨርሰዋለህ ብዬ እንዳለ ነው የጠቀለልኩት። አንድ ቀን ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ጠይቄ አላውቅም።

*

አጎቴ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከአካባቢያችን ከሐብሮ የተሰበሰበውን ቡና ጭኖ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድ ኤንትሬ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከጆንያው አናት ነበር ኑሮው። እኛ ልጆች መኪናውን በድምፁ እናውቀዋለን፤ ከበዴሳ በኩል ገና ዳገቱን ሲይዝ ሮጠን እንወጣለን። አጎቴ ባዶ እጁን አይገባም። ለእናቴ ሻሽ፣ ለአባቴ ሬዲዮ የባትሪ ድንጋይ፣ ለእኛ ቴምር። በ1985 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ባቡር አወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከመዳፍ ጥቂት ይረዝማል። ካርቶን የለው፣ መመሪያ ወረቀት የለው፣ ሆዱ ላይ እንኳ የፋብሪካ ስም አልተጻፈበትም።

ለገለምሶ ልጅ ባቡር ራሱ ተረት ነበር። ሐዲዱ የሚያልፈው በቆላው ነው። ከጅቡቲ የተነሳው መሥመር ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ሜዳው ላይ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። በ1917 አዲስ አበባ ሲገባም የጨርጨርን ደጋ በግራው ትቶ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል ነው የሄደው። ፉጨቱን ሰምተው የሚያድጉት የቆላ ልጆች ናቸው። እኛ የምናውቀው በእናቴ አፍ ነው። ልጃገረድ ሳለች ከሚኤሶ ተሳፍራ ድሬዳዋ ገብታ ነበር፤ ያችን አንድ ጉዞ ስንት ጊዜ አወራችልን! መስኮቱን፣ አሸዋውን፣ ፈታሽ መጣ ሲባል ሴቶቹ ጨርቁንና ሽቶውን የት የት እንደሚሸጉጡት። ባቡሩን ስታወራ ድምፅዋ ራሱ ይንገጫገጫል።

«ይህ ባቡር ነው፤ ሰው ይሆናል» አለ አጎቴ።

እናቴ ቡና ላይ ነበረች። አጎቴ ሻጩ ያሳየውን ላለመርሳት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጀመረ። አንዱን ይስባል፣ አንዱን ያጥፋል፣ ይሳሳትና ይመልሳል። አቦል ሲቀዳ የጀመረ ሰው ቶናው ሲደርስ ገና እግሩን እየፈለገ ነበር። በመጨረሻ ከባቡሩ ሆድ ውስጥ ጭንቅላት ብቅ አለ። እናቴ ረከቦቱ ላይ እንዳጎነበሰች «በስመ አብ!» አለች። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋ። አባቴን ሬዲዮ የሚያስከፍተው እንጂ የሚያዘጋው ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት መጫወቻ ማለት እኛው የምንሠራው ነው። ሽቦ እየጠመዘዝን መኪና እንሠራለን። ጎማው ካለቀ ሸበጥ ይቆረጣል፣ መብራቱ ቆርኪ ነው፣ መሪው ደረታችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነው። የሽቦ መኪናውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ እያንዳንዷን ጥምዝ የጠመዘዘው እሱ ራሱ ነዋ። ይህኛው ግን አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ተቀምጦ አስቦ አስቦ ምሥጢሩን ከቆለፈበት በኋላ ነው እጄ የገባው። ልሠራው አልችልም። ላውቀው የምችለው በመፍታት ብቻ ነበር። በዚያ ክረምት ስንት ጊዜ ዘረጋሁት፣ ስንት ጊዜ አጠፍኩት! ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው አወቁት። ነሐሴ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ከባቡር ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ባቡር እመልሰው ጀመር።

ሦስተኛውን መልክ ያገኘሁትም በዚያው ነሐሴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጓዳው ጨልሞ፣ እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ ሰውየውን ወደ ባቡር እየመለስኩ ነበር። መሃል ላይ ስደርስ እናቴ ጠራችኝ። ውኃ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ሳፋ ደቅኜ ስመለስ፣ በተውኩበት ሆኖ አገኘሁት፤ ባቡር ያልሆነ፣ ሰውም ያልሆነ። እስከዚያን ቀን እዚህ ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም። ሁልጊዜ አልፌው ነው የምሄደው። የሰውየው የጀርባ ሳንቃ ናቸው ብዬ የተውኳቸው ሁለት ሰሌዳዎች በዚህች ቦታ ላይ ብቻ ወደ ጎን ይላላሉ። ሳብኳቸው። ወጡ። ክንፍ ናቸው። ጅራቱ ቀጥ አለ፣ አፍንጫው ወደ ፊት ተገፋ፣ እጄ ላይ በአገራችን ሰማይ አይቼው የማላውቅ ነገር ተቀመጠ።

አጎቴ አያውቅም ነበር። ድሬዳዋ ያለው ሻጭም ሳያውቅ ይሆናል የሸጠለት። ለሳምንታት ለማንም ሳልናገር ብርድ ልብስ ውስጥ አበረርኩት። ትምህርት ሲከፈት ለሳይንስ አስተማሪዬ አሳየሁት። በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደውና «መንኮራኩር ናት» አለ። «እንደ ሮኬት ተነስታ እንደ አውሮፕላን የምታርፍ። ከጠፈር ደርሳ ትመለሳለች።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ገለምሶ ለእኔ ባቡር ያልደረሰባት ከተማ መሆኗ ቀረ።

*

የሰበርኩት እኔው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ደጃችን ላይ ልጆች ተሰብስበው፣ እስከ ሃያ እየቆጠሩ፣ እኔ ሃያ ሳይሞላ ባቡሩን ሰው ላደርገው ተወራረድን። አሥራ አራት ላይ የቀኝ እግሩ እምቢ አለ። አሥራ ስድስት ላይ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። የማጠፊያው ፒን ለሁለት ተሰብሮ እግሩ በእጄ ቀረ።

ከገበያው አፍ ላይ፣ ከጨርቅ መሸጫ በረንዳ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌ የሰዓትና የሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ከእንጨት ሳጥን በቀር መደብር የላቸውም። ሳጥኑ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሴኮ ሰዓቶች፣ የሬዲዮ አንጀት፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ወረንጦ፣ እንደ ጥፍር የሳሳ ሞረድ። ከቀትር በኋላ ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ እጃቸው ጨርሶ አይንቀጠቀጥም። እያለቀስኩ ሄድኩ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ «ማነው የቸኮለ?» ብለው ነው።

«እኔ» አልኩ።

አጉሊ መነፅራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ዝም ብለው አዩት። አዩት ስል፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይነኩ ማለቴ ነው። ከዚያ በአንድ ጣት ጭስ ማውጫውን ወደ ኋላ ገፉት። እምቢ ያለው እግር መንገዱ ተከፈተ። ለካ ጭስ ማውጫው ቀድሞ ካልታጠፈ እግሩ ከውስጥ ይያዛል። ሺህ ጊዜ ያደረግሁትን ነገር በውርርዱ ቀን ዘልዬዋለሁ።

«ዕቃ እምቢ ሲል መንገዱ ሌላ ጋ ነው ማለት ነው፣ ኢልማ ኪያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እጅ አትጨምር። ዓይን ጨምር።»

ከጃኬታቸው ኮሌታ ሥር አንድ የልብስ መርፌ ነቀሉ። በክብሪት አግለው በማጠፊያው ቀዳዳ አሳለፉት፣ በፒንሳ ቆረጡት፣ ጫፉን በሞረድ ሞረዱት። እግሩ ከድሮው ይልቅ ጠንክሮ መታጠፍ ጀመረ። ሃምሳ ሳንቲም ዘረጋሁላቸው፤ «ለእናትህ ሰላምታ አድርስልኝ» ብለው እጄን መለሱት።

ቤት ገብቼ ግን አንድ ነገር አየሁና ቅር አለኝ። የመርፌው ጫፍ በአንድ በኩል ከፕላስቲኩ ወጣ ብሏል፤ የጤፍ ፍሬ ሁለት ሦስት ብትደረድር የምታክል። አይወጋም፣ ክብ ተደርጎ ተሞርዷል፤ ግን ይታያል። «ሽማግሌው አልጨረሱትም» ብዬ ለእናቴ ከሰስኳቸው። እናቴ «ነውር ነው!» ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

ከሁለት ዓመት በላይ ከእሱ ጋር ኖርኩ። በ1988 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ እንድማር ተወሰነ። የመሄጃዬ ጠዋት ገና ሳይነጋ፣ እናቴ ዳቦ ስትቋጥር፣ ታናሽ እህቴን በኩራዝ አጠገብ አስቀምጬ ሦስተኛውን መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሳያት ጀመርኩ። አንድ ክንፍ ዘረጋሁ። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። አባቴ ጠራኝ። እናቴ ከእጄ ወሰደችው። እህቴ የቀረውን አላየችም።

*

አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ረሳሁት፤ ወይም የረሳሁት መሰለኝ። በ2000 ዓ.ም. አንድ ምሽት ቪዲዮ ቤት ገብቼ «ትራንስፎርመርስ» የተባለውን ፊልም አየሁ። ኦፕቲመስ ፕራይም የተባለው ግዙፍ ሮቦት ከጭነት መኪናነት ሲነሳ ሰው ሁሉ ይጮሃል። እኔ እጄን አየሁት። በጨለማው ውስጥ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ እየተንቀሳቀሱ ነበር፤ ጭስ ማውጫ፣ እግር፣ ደረት፣ ጭንቅላት። በኮምፒዩተር የተሠራው ያ ሮቦት 10,108 ቁርጥራጭ እንዳለው ኋላ ላይ አነበብኩ። አንድም ቁራጭ በጣት ሊነካ አለመቻሉ ነው ያሳዘነኝ።

ከዚያ ፍለጋው ጀመረ። ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ዲያክሎን የሚባሉ መጫወቻዎችን አወጣ፤ ቀጥሎም ማይክሮ ቼንጅ የሚባሉትን። የአሜሪካው ሀስብሮ ከሁለቱም እየመረጠ በ1984 «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ሸጣቸው። የእኔ ባቡር አባት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አስትሮትሬይን ነው፤ የእንፋሎት ባቡር፣ የጠፈር መንኮራኩር፣ ሰው። የእኔው ያለ ፈቃድ የተቀዳ፣ ስም ያልተሰጠው ልጁ ነበር። ቅጂነቱን ሳውቅ አልከፋኝም። ለካ አባት ነበረው! ይህን ባነበብኩባት ሌሊት የተሰማኝ ይህ ነው።

ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሾጂ ካዋሞሪ ይባላል። ዲያክሎኖቹን ከነደፉት አንዱ ነው። የሚለዋወጥ ነገር ሲያስብ ከወረቀቱ ሌላ በሌጎ ጡቦች እየሠራ፣ እያፈረሰ፣ እየገጠመ ነው የሚፈትነው፤ ጃፓን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ እኛ በሽቦ የምናደርገውን ያደርጋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በቴሌቪዥን ለታየው «ማክሮስ» ቫልኪሪ የምትባል የጦር አውሮፕላን ነደፈ። ቫልኪሪ አውሮፕላን ትሆናለች፣ ሰው ትሆናለች። ካዋሞሪ ግን መሃሉንም ዝም ብሎ አላለፈውም። እግርና እጅ አውጥታ ገና ክንፏን ያልሰበሰበችበትን ቅጽበት ያዘና ራሱን የቻለ መልክ አደረገው፤ ስምም አወጣለት፣ ገርዎክ አለው። ታካቶኩ የተባለው ድርጅት የሠራትን የዚህችን አውሮፕላን መጫወቻ ሀስብሮ በ1985 ጄትፋየር ብሎ ሸጣት። ስለ ገርዎክ ባነበብኩ ጊዜ ያ የነሐሴ ዝናብ ጆሮዬ ላይ ወረደ። ሌላውም ሰው እዚያች ቦታ ላይ ቆሟል። እሱም አይቷል።

ሰብሳቢ የሆንኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ መርካቶ እየዞርኩ፣ በላስቲክ ታሽገው የሚመጡትን ርካሽ ሮቦቶች ገዛሁ። ምናለሽ ተራ ባለቤት ያጡ ክንዶችና ጎማዎች አገኘሁ። ከዚያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብስና ከመድኃኒት መሃል፣ አንድ ካርቶን ማስገባት ግዴታው ሆነ። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም። የምመርጠው አስቸጋሪዎቹን ብቻ ነው።

የአስቸጋሪነት ፍቅር ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጡትን አንድ ልጅ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይለውጣቸዋል። በ2003 ታካራ ማስተርፒስ የሚባሉትን፣ ለአዋቂ ሰብሳቢ የተሠሩትን ሲጀምር ግን ሌላ ዓለም ተከፈተ። በ2011 የወጣው የማስተርፒስ ኦፕቲመስ ፕራይም አሥረኛው ቁጥር እጄ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ከመኪና ወደ ሰው ለማድረስ ከእራት እስከ እኩለ ሌሊት ቆየሁ። በጥሩ ሥራ ላይ ትርፍ ቁራጭ የለም። የመኪናው በር የሰውየው አንድ ነገር መሆን አለበት፤ ጎማው የሚገባበት ጉድጓድ፣ መስታወቱ የሚተኛበት አልጋ ሊኖረው ይገባል። እያንዳንዱ ሳንቃ ተራ አለው። አንዷን ተራ ከዘለልክ ወዲያው አይነግርህም፤ አሥር እርምጃ ያስኬድህና መጨረሻ ላይ፣ አንድ ፀጉር የምታክል ክፍተት ትቶ፣ አልዘጋም ይልሃል። ያኔ ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ትጫነዋለህ፣ ወይ አሥሩንም እርምጃ ትመለሳለህ።

እኔ እመለሳለሁ። ከበረንዳው ሥር የተማርኩት እሱን ነው። ሥራዬም ላይ፣ ትዳሬም ላይ፣ አባቴ ታሞ ባስታመምኩባቸው ወራትም፣ አንድ ነገር እምቢ ባለኝ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣል፤ እጅ አትጨምር። ሁልጊዜ ሰምቼዋለሁ አልልም። ያልሰማሁባቸውን ቀናት ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ቀጭ የሚል ድምፅ አላቸው።

*

ዘንድሮ ወደ ገለምሶ ስመጣ ሚኤሶ ላይ ሻይ ጠጣን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ለሁለት ተካፍለው የሠሩት የቻይና ተቋራጮች፣ አንዱ ከሰበታ፣ ሌላው ከጅቡቲ ድንበር፣ የተገናኙት እዚሁ ሚኤሶ ላይ ነው። የእናቴ ባቡር ግን ፉጨቱ ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ዳገቱን ይዘን ወጣን። እናቴ ስልክ ላይ «አሰበ ተፈሪ ደርሳችኋል?» ትላለች፤ የእህቴ ልጅ ከኋላዋ «ጭሮ በላቸው!» ትላለች። አንድ ከተማ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከጭሮ ታጥፈን፣ በዴሳን አልፈን፣ ኤንትሬ ይንፏቀቅበት የነበረውን ዳገት የጫት አይሱዙ እየበረረ ሲወርደው አየሁ። ገለምሶ በባጃጅ ተሞልታለች። የእህቴ ልጅ ጠፈርን በስልኳ ታየዋለች። ባቡር በዓይኗ አይታ ግን አታውቅም። ሐዲዱ ዛሬም በቆላው ነው የሚያልፈው።

ነገሩን ይዘን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ነጩ ፕላስቲክ እንደ አሮጌ ጥርስ ወይቧል፤ ጨለማ ውስጥ የዋለም ያረጃል። ያልወጣውን እግር ሞከርኩ። አልነቃነቅ አለ። ጭስ ማውጫውን አየሁ፤ ታጥፏል። ሌላውንም ሁሉ አየሁ፤ ተራው አልተዛነፈም። የእህቴ ልጅ ትዕግሥቷ አለቀና ልትጫነው እጇን ሰደደች።

«ተይ» አልኳት። «ዕቃ እምቢ ሲል መንገዱ ሌላ ጋ ነው።»

«ማነው ያለው?»

በማግስቱ ገበያው አፍ ልወስዳት ተነሳሁ። ሽማግሌው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የጨርቅ መሸጫው በረንዳ ግን አለ። እዚያው ቦታ ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ኋላ፣ አንድ ወጣት ስልክ ይጠግናል። ወረንጦ፣ ጥቃቅን ካቻቪቴዎች፣ ግንባሩ ላይ የታሰረ አጉሊ መነፅር። ያጎነበሰበት አጎነባበስ ሳይቀር ያው ነው። ነገሩን አስቀመጥኩለት። ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ አየው። ብዙ አየው።

«መርፌ ነው የገባበት» አለ። «ዝጓል። ዝገቱ አብጦ ነው ማጠፊያውን የያዘው። መውጣት አለበት።»

ልቤ ወደቀ። ዝጎ የተጣበቀ ብረት ከሳሳ ፕላስቲክ ውስጥ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መሰንጠቅ አለ፣ መቦርቦር አለ። ወጣቱ ግን አንድ ጠብታ ዘይት አንጠበጠበና ትንሿን ፒንሳ አነሳ። የመርፌዋን ጫፍ ያዘ። ያቺን ከፕላስቲኩ ወጣ ያለችውን፣ ክብ የተሞረደችውን፣ ሽማግሌው አልጨረሱትም ብዬ የከሰስኩባትን። አዞረ፣ መለሰ፣ አዞረ። ሳበ። ወጣች።

መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። «ይህን ያስገባ ሰው ለሚያወጣው ሰው አስቦለታል» አለ። «ጠርዙ ላይ ቢቆርጠው ኖሮ መያዣ አናገኝም ነበር። ሰብረን ነበር የምናወጣው።»

መልስ መስጠት አልቻልኩም። መርፌዋን ተቀብዬ በመሐረቤ ጠቀለልኳት። በ1985 እና በ1988 ዓ.ም. መካከል አንድ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሃምሳ ሳንቲም ላልተቀበሉበት ሥራ፣ ሲሞቱ እንኳ ገና ላልተወለደ ጠጋኝ መያዣ ትተውለት ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አስቸጋሪ ሥራ አደንቃለሁ። ካገር አገር አስመጥቼ፣ ዋጋ ከፍዬ፣ መደርደሪያ ላይ ደርድሬ አደንቃለሁ። ከሁሉ የበለጠው ሥራ ግን እናቴ አልጋ ሥር ነበር።

ወጣቱ ከማይዝግ ሽቦ አዲስ ፒን ቆርጦ አስገባ። ፒንሳውን ጠርዙ ላይ ሲያስጠጋ «ትንሽ ተውላት» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። የጤፍ ፍሬ ሁለት ሦስት ያህል ተወላት፤ ጫፏን በሞረድ አለሰለሳት።

ማታ እናቴ ቡና አፈላች። እህቴ መጥታለች። እግሩ ወጣ፣ ክንፉ ታጠፈ፣ ጭንቅላቱ ተሰበሰበ፤ ባቡሩ ረከቦቱ አጠገብ ቆመ። እናቴ አየችውና ስለ ሚኤሶ ልታወራ ጀመረች። የእህቴ ልጅ ግን ዓይኗ እጄ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ከባቡር ሰው፣ ከሰው ባቡር አድርጌ አሳየኋት። መሃሉ ላይ ስደርስ አልቆምኩም። የጀርባውን ሁለት ሰሌዳዎች አልፌያቸው ሄድኩ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ክንፍ ሲዘረጋ ማየቷን አልረሳችም። በዓይኔ ዝም አሰኘኋት።

ከዚያ ለልጅቷ ሰጠኋት።

«ይህ ባቡር ነው» አልኳት። «ሰው ይሆናል።»